የንፋስ ተርባይን ለቤት፦ አዲስ አበባ መሃል ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሶላር ሱቅ ደጃፍ እስከ ኮንዶሚኒየም ስብሰባ ድረስ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

በአጭሩ፣ መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ያዋጣል?

አያዋጣም። አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ ወይም ቦሌ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተተከለ ትንሽ ተርባይን ዋጋውን ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ችግሩ ዕቃው አይደለም። ምርጡ ተርባይን ቢመጣም እዚህ የሚሠራበት ንፋስ አያገኝም። ከተማዋ በተራሮች ግርጌ የተኛች ናት፤ በየሰፈሩ የበቀለው ፎቅ ደግሞ ያለውን ንፋስ ይበጣጥሰዋል።

ከከተማ ውጭ ዙሪያው ክፍት የሆነ መሬት ያለው ሰው ግን ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። እሱን መጨረሻ ላይ እናነሳዋለን።

እኛ ሰፈር ንፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ነው የሚውለው። እንዴት ንፋስ የለም ይባላል?

ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ሽውታ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ተርባይን የሚፈልገው ሳይቆራረጥ የሚነፍስ ንፋስ ነው። በጆሮ የምንሰማውና በዓመት አማካይ የሚመዘገበው ፍጥነት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አብዛኞቹ ትናንሽ ተርባይኖች ኃይል ማመንጨት የሚጀምሩት ንፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ ሙሉ አቅማቸው የሚባለውን የሚሰጡት ደግሞ በሰከንድ 11 ወይም 12 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ፍጥነት ሲነፍስ ጃንጥላ ይዞ መሄድ ያስቸግራል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በንፋስ ውስጥ ያለው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሆነ ተርባይን እንውሰድና ከሚያልፈው ንፋስ ሩቡን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል እንበል። በሰከንድ 12 ሜትር ላይ 620 ዋት ገደማ ይሰጣል። በ6 ሜትር 80 ዋት እንኳ አይሞላም። በ3 ሜትር 10 ዋት ነው፤ ይህም አንድ አምፖል ወይም አንድ ዋይፋይ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉን የሚገፋው አየር ስለሆነ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው ካታሎግ ላይ የጻፈው ቁጥር የተሰላው ለባሕር ወለል ነው። ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች ግን በአዲስ አበባ አየር የተሰሉ ናቸው።

አዳማ ላይ ይሠራ የለም እንዴ? እኛ ጋ ለምን አይሆንም?

አዳማ ላይ ይሠራል፣ በደንብም ይሠራል። አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት ነው። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳም 120 ሜጋዋት አለው። እነዚህ ግን ንፋሱ ቀድሞ ተለክቶ በተመረጡ ገላጣ ሸንተረሮች ላይ የቆሙ ናቸው። የአዳማዎቹ ምሰሶዎች ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፣ ክንፎቻቸው የሚሠሩት ክብም ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ይሆናል። የክቡ ስፋት ከእርስዎ ባለ 2 ሜትር ተርባይን ከ1,400 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ንፋሱም ቦታውም መጠኑም የተለያየ ስለሆነ ማነጻጸሩ ብዙ አያስኬድም።

ሻጩ 3,000 ዋት ያመነጫል ብሎኛል። ላምነው?

ሜትር ይዘው ይሂዱ። ከክንፉ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ ይለኩ፣ ያገኙትን ቁጥር በራሱ ያባዙት፣ ከዚያ በ0.785 ያባዙት። ይህ ተርባይኑ ንፋስ የሚቀበልበት ስፋት ነው። ያንን በ280 ሲያባዙ፣ ንፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ቢነፍስ አዲስ አበባ ላይ ከጥሩ ተርባይን የሚጠበቀውን ዋት ያገኛሉ።

በየሱቁ 3,000 ዋት ተብሎ የሚቀርብ፣ ከዳር እስከ ዳር ግን 1.3 ሜትር ብቻ የሆነ ዕቃ እናስብ። ስፋቱ 1.33 ሜትር ካሬ ነው፤ በ280 ሲባዛ 370 ዋት ገደማ። ሻጩ ይከራከር ይሆናል። ይከራከር። አልበርት ቤትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ነገር አለ፦ ማንኛውም ተርባይን፣ የትም ይሠራ፣ ከሚያልፍበት ንፋስ ከ59.3 በመቶ በላይ ኃይል ሊወስድ አይችልም። በዚያ ወሰን እንኳ ይህ ዕቃ በአዲስ አበባ አየር ከ630 ዋት አያልፍም። 3,000 የሚለው ቁጥር ከቻይናም ይምጣ ከአውሮፓ፣ የተጻፈው ለመሸጥ ነው።

ሌላው ጥያቄ “በምን ያህል የንፋስ ፍጥነት?” የሚል ነው። ሻጩ ይህን ካልመለሰ፣ ወይም “በማንኛውም ንፋስ” ካለ፣ ቡናዎን ጠጥተው ይሂዱ።

በወር ስንት ብር ይቆጥብልኛል?

ለእርስዎ እናድላና በጣሪያዎ ላይ ያለው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ነው እንበል። መሃል ከተማ በቤቶች መካከል ይህም ብዙ ነው። ንፋሱ አንዳንዴ ጠንከር ማለቱን ጨምረን ብናሰላ፣ ባለ 2 ሜትሩ ተርባይን በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያመጣል። ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር የሚከፍሉ ቢሆን እንኳ ቁጠባው በወር 78 ብር፣ በዓመት ከ1,000 ብር በታች ነው። ተርባይኑ፣ ምሰሶው፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው)፣ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ የሚለውጠው) እና የብየዳው ዋጋ ተደምሮ 100,000 ብር ቢመጣ፣ ወጪውን ለመመለስ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ይፈጃል። ባትሪው ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቀየራል።

ታሪፉ እየጨመረ ነው የሚለው ክርክር እውነት አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ለዓመታት አንዱን በ27 ሳንቲም ሲከፍል ቆይቷል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። የተርባይኑም ዋጋ ግን አልቆመም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ያየ ያውቀዋል። ታሪፉ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ከላይ ያለው ስሌት መቶውን ወደ ሃምሳ ዓመት ያወርዳል እንጂ አያድነውም።

ብሩ ይቅር። መብራት ሲጠፋ ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

ብዙ ሰው በልቡ ያለው ይህኛው ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትም ይህ ይመስለናል። መሃል ከተማ መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው አገሪቱ ኃይል አጥታ አይደለም፤ የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሚጠፋው ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ መስመር ሲበጠስ፣ ለጥገና ወይም ለመንገድ ሥራ ሲቋረጥ ነው። ጠፍቶ ይመጣል። ስለዚህ የቸገረዎት ኃይል ማመንጨት ሳይሆን መብራት ባለበት ሰዓት ያገኙትን ለጠፋበት ሰዓት ማቆየት ነው። ያንን የሚሠራው ባትሪና ኢንቨርተር ነው።

ለአምፖሎች፣ ለዋይፋይ፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ 100 ዋት ይበቃል። ለአራት ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል። ሁለቱም ከቆጣሪው ቻርጅ ተደርገው ያንን ማታ ያሻግሩዎታል፤ ከጣሪያ ላይ የሚዞር ነገር አያስፈልግም። ተርባይን ብቻ ቢኖርዎት ደግሞ መብራቱ የጠፋ ማታ ንፋሱም ይቆም ይሆናል።

ምጣድ ያስነሳል ወይ ለሚለው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። አያስነሳም። ባትሪውም ቢሆን አይሞክረው።

ክረምት ላይ ሶላር ይደክማል። ያኔ ንፋሱ አያካክስም?

ሐሳቡ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እዚያ ክረምታቸው ጨለማና ንፋሳም ስለሆነ ፀሐይ ስታንስ ንፋስ ይበረታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መትከል ያስኬዳል። አዲስ አበባ ግን የአየሯ ጠባይ የተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲደፈን ንፋሱም ይለዝባል፤ ነጎድጓድ ሲመጣ የሚነሳው ነፋስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል። ንፋስ ከምሥራቅ በኩል በርትቶ የሚነፍሰው በበጋ ነው፣ ጥርና የካቲት ከሰዓት በኋላ አቧራ እያስነሳ። ያኔ ደግሞ ሶላሩ ራሱ ተርፎታል።

በቀኑ ውስጥም እንዲሁ ነው። ጠዋት አየሩ ረጋ ይላል፣ መሬቱ ሲሞቅ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ከመሸ በኋላ መልሶ ይበርዳል። ፀሐይ ሳለች የሚነፍስ፣ ስትጠልቅ የሚተኛ ንፋስ ለሶላር አጋዥ አይሆነውም። ተርባይን ለመግዛት የተመደበውን ብር ይዘው ክረምቱን መቋቋም ከፈለጉ አንድ ሁለት ፓነል ይጨምሩ። 2.6 ሜትር ካሬ ገደማ ስፋት ያለው ባለ 550 ዋት ፓነል አዲስ አበባ ላይ በደህና ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ክረምት ላይ ግማሹን ቢያጣ እንኳ በዓመት አማካይ ተርባይኑ በቀን ከሚያመጣው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እጥፍ ይሆናል። የሚዞር ዕቃም ስለሌለው የሚያረጅ ኩሽኔታ የለውም።

ቀጥ ብሎ የሚዞረው አይነት ለከተማ ተብሎ የተሠራ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። እንደ በርሜል ቆሞ የሚዞረው ተርባይን ንፋሱ ከየት እንደመጣ ግድ አይሰጠውም፤ አቅጣጫው በየሰከንዱ በሚለዋወጥበት ከተማ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። ድምፁም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ከደካማ ንፋስ ብርቱ ኃይል ማውጣት አይችልም። ስፋቱ ትንሽ ነው፣ ከንፋሱ የሚወስደው ድርሻም ከባለ ሦስት ክንፉ ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ሆቴል በር ላይ ለጌጥ ቢቆም ያምራል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ከፍታ ላይ ንፋስ ይበረታል አይደል?

ከፍታ ይጠቅማል፤ ሕንፃ ግን ይጎዳል። ንፋስ ግድግዳ ሲመታ ወደ ላይ ይዘላል፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ይገለበጣል፣ ከኋላው አዙሪት ይሠራል። የረበሸው አየር ከሕንፃው እጥፍ ከፍታ ድረስ ይወጣል፣ ወደ ኋላም የሕንፃውን ቁመት ሃያ እጥፍ ያህል ይዘልቃል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ተርባይን ሲተከል በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 10 ሜትር ከፍ ይበል የሚሉት። ካሳንቺስ ወይም ሜክሲኮ ቆመው በ150 ሜትር ዙሪያ ያለውን ረጅም ሕንፃ ይፈልጉና 10 ሜትር ይጨምሩበት። ያንን ምሰሶ ማን ያቆመዋል?

በእንግሊዝ አገር ዋሪክ ዊንድ ትራያልስ የተባለ ሙከራ በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጥቶ ነበር። ሕንፃ ላይ የተተከሉ 26 ትናንሽ ተርባይኖች ተለክተው፣ ጠፍተው የቆሙበት ጊዜም ተቆጥሮ፣ እያንዳንዱ በአማካይ በቀን 214 ዋት ሰዓት ብቻ ነው የሰጠው። አንዳንዶቹ ላይ መቆጣጠሪያው ራሱ ተርባይኑ ካመነጨው በላይ ይበላ ነበር። ይህ የሆነው ከእኛ ይልቅ ንፋሳም በሆነ አገር፣ ወፍራም አየር ባለበት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ነው። ለንደን ውስጥም በ2010 እ.ኤ.አ. ያለቀ አንድ ረጅም ሕንፃ አናቱ ላይ ሦስት ትልልቅ ተርባይኖች ይዞ ተሠርቶ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው የሚያያቸው ግን ብዙ ጊዜ ቆመው ነው።

ጎረቤት፣ ፈቃድ፣ መብረቅ... ምን ጣጣ አለው?

የኮንዶሚኒየም ጣሪያ የጋራ ስለሆነ የነዋሪዎች ማኅበር ሳይስማማ ምንም አይተከልም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱ የእርስዎ አይደለም። የግል ግቢ ቢሆንም ረጅም ምሰሶ ለማቆም መጀመሪያ ወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጎራ ማለት ይሻላል፤ ቦሌና አካባቢው ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስለሆነ የከፍታ ገደብ አለ።

በጭቃና በእንጨት ቤት ላይ ተርባይን አያስሩ። ንዝረቱ በማገሩ በኩል ይወርድና ልስኑን ይሰነጥቀዋል፣ የቆርቆሮውን ምስማር ያላላል፣ ሌሊት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ያጉረመርማል። ከብረት የተሠራ ረጅም ምሰሶ ያለ መሬት መስመር መተውም መብረቅ ለሚበዛበት ክረምት ግብዣ ነው። ቄራ አካባቢ ላሉ ደግሞ ጥንብ አንሳዎቹ አሉ፤ እነሱም ምሰሶ ይወዳሉ።

በመኪና ዲናሞ ራሴ ብሠራው አይረክስም?

ሶማሌ ተራ ዲናሞ ሞልቷል፣ ቪዲዮውም ሞልቷል። ችግሩ የመኪና ዲናሞ የተሠራው በሞተር እንዲዞር መሆኑ ነው። ቻርጅ ለማድረግ በደቂቃ 1,000 ዙር ገደማና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ባለ 2 ሜትር ክንፍ በደካማ ንፋስ የሚዞረው በደቂቃ 200 ያህል ነው። በቺንጋ ፍጥነቱን ልጨምር ቢሉ ደካማው ንፋስ ያንን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ዲናሞው የራሱን ማግኔት ለማስነሳት ከባትሪዎ ኃይል ይወስዳል፤ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ካልተቋረጠ ባትሪውን ያደርቀዋል። በቋሚ ማግኔት የተሠራ፣ በዝግታ ሲዞርም የሚያመነጭ ጀነሬተር ይሻላል። ለተማሪ ፕሮጀክት ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን ክንፉ ሲበጠስ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይታሰብ።

የተረፈኝን ወደ መስመሩ ልመልሰው እችላለሁ?

በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ከሚያመጣ ዕቃ ምን ይተርፋል? ቢተርፍም ሽያጭን ስሌትዎ ውስጥ አያስገቡ። ያለ ፈቃድና ያለ ትክክለኛ መቆጣጠሪያ ኢንቨርተርን ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ ሰው ይገድላል፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ከእርስዎ ቤት በሚመጣ ኃይል ሊያዝ ይችላል። ጀነሬተር ያላቸውም ቢሆኑ መለወጫ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያስፈልጋቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚያዋጣው?

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ፦ መስመር የማይደርስበት ወይም ለማስገባት ብዙ ብር የሚጠየቅበት ቦታ፣ ዙሪያው ገላጣ የሆነ መሬት፣ በምሰሶው ከፍታ ላይ በዓመት አማካይ በሰከንድ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ንፋስ። አዳማ ዙሪያ ባሉ ከፍታዎች እርሻ ወይም ዶሮ እርባታ ያለው ሰው ቢጠይቀን “መጀመሪያ ንፋሱን ለካው” እንለዋለን። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ሶላር ይተከል፤ ተርባይኑ ሁለተኛ ይምጣ።

መጀመሪያ ግሎባል ዊንድ አትላስ የሚባለውን ነፃ ካርታ ከፍተው ቦታዎን ይፈልጉ። ካርታው ስለ አጠገብዎ ፎቅና ባሕር ዛፍ አያውቅም፣ ስለዚህ ያሳየዎትን ቁጥር እንደ ከፍተኛው ወሰን ይውሰዱት። ካርታው ተስፋ ከሰጠ፣ የሚመዘግብ የንፋስ መለኪያ ተርባይኑ በሚቆምበት ከፍታ ልክ ሰቅለው ቢያንስ በጋውንም ክረምቱንም እንዲያይ ይተዉት። በጋ ላይ ብቻ የተለካ ንፋስ ገዢውን ያሳስታል። የኤርፖርት መረጃም የሚያሳየው ክፍት ሜዳ ላይ ያለውን ንፋስ ነው እንጂ የእርስዎን ግቢ አይደለም። መለኪያው ከተርባይኑ እጅግ ይረክሳል፤ አማካዩ በሰከንድ ከ4 ሜትር በታች ከወጣ መለኪያውን ለሚቀጥለው ጠያቂ ያከራዩት።